ሁለት ሰማያዊ ጀልባዎች

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.። የጠዋት ሽያጭ፦ ላይፍ ጃኬት አራት፣ ናይሎን ገመድ አንድ ጥቅል፣ የሞተር ካንዴላ ሁለት። የሱቁ መስታወት ገና አልተገጠመም፤ በሸራ ሸፍኜዋለሁ። ለጋሼ የምልከው ደብዳቤ ረቂቅ፦

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሣህሌ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ብርድ ሲመጣ እንደሚቆለፍብህ አውቃለሁና ውሃ ዳር ብዙ አትቁም። ባለቤትህ አሳየች ደኅና ናት? ትንሹ ልጅህ ሕሩይ ትምህርቱን ይከታተላል? ሐይቁስ ረጋ ወይስ ያ የከሰዓት ነፋስ አሁንም እንግዳውን ከመንገድ ይመልሳል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ደኅና ነኝ እንዳልልህ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ተሰብረው በጀሶ ታስረዋል። የምጽፈው በቀኜ ስለሆነ ግን ጽሕፈቴ ይነበባል። ልጅህ ታዴዎስም በሕይወት አለ። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ የቀረውን ተረጋግተህ እንድታነበው ብዬ ነው።

እሑድ ዕለት ደውዬልህ ወሬዬን ሳልጨርስ “ጠመንጃዬን ይዤ እመጣለሁ” ብለህ ዘጋህብኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ አይሠራም። ደብዳቤ ደግሞ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ አሳየች ቁርጥራጩን ሰብስባ ታነብልሃለች፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ በዝዋዩ ሚኒባስ ሾፌር እጅ ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው ሳትደርስ ከተቀመጥክበት እንዳትነሣ።

በጽዮን ዕለት ወደቡ ላይ የሆነውን በትክክል አልነገሩህም። አንተ ከዋዜማው ጀምሮ ደሴቱ ላይ ማኅሌት ቆመህ ስለነበር የሰማኸው ሁሉ ከሰው አፍ ነው። የሰማኸውም ያ ጀልበኛው አካሉ ጩቤ መዘዘ፣ ታዴዎስ ራሱን ተከላከለ፣ አካሉ ሲወድቅ እጁ ሞተር ውስጥ ገባ የሚል ነው። እኔም ስድስት ሰባት ቀን ያንኑ አምኜ ኖሬያለሁ። ጩቤ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በቀለም ነው። መስከረም ላይ ጀልባህን ለመቀባት ከእኔ ሱቅ ያን ሰማያዊ ቀለም ወስደህ ነበር። አንተ በሄድክ በሳምንቱ አካሉ መጣና “እትዬ አስረሳሽ፣ ጋሼ ሣህሌ የወሰደውን ቀለም ይስጡኝ፣ እንግዳ እሱን ይወዳል” አለኝ። ሰጠሁት። ነጋዴ ነኝ፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ቀለም የማንም ስም አልተጻፈበትም። ኅዳር ላይ ደግሞ ከየካ የምእመናን ጉዞ ተሰናዳ። ያስተባበረችው ሱቄ ውስጥ የምትሠራው መቅደላዊት ናት፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ናት። እንግዶቹን ወደ ታዴዎስ የላክኋቸው እኔ ነኝ። በማለዳ ደሴቱ ላይ ሊያስቀድሱ፣ ታቦተ ጽዮን ተሸሽጋ ቆየችበት የሚባለውን ቦታ ሊሳለሙ፣ ሲመለሱ ጉማሬውንና ወፉን ሊያዩ፣ ነፋስ ሳይነሣ ሊወርዱ። “ወደቡ ላይ ስትደርሱ ሰማያዊዋን ጀልባ ፈልጉ” አልኳቸው። እኔ የማውቃት ሰማያዊ ጀልባ አንዷን ያንተን ብቻ ነበር። አካሉ ግን የሱን ቀብቶ ውሃ ላይ ያወጣት ልክ በበዓሉ ዋዜማ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ደረሱ። የመጀመሪያዋ ያገኟት ሰማያዊ የአካሉ ነበረች፤ ዘለው ገቡ። አካሉ የማን እንግዶች እንደሆኑ አላጣውም፤ ዝም ብሎ ገመዱን ፈታ። የወደባችሁን ደንብ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የተላከ እንግዳ ለተላከለት ሰው ነው። አንዴ ጀልባ ውስጥ እግሩን ያሳረፈ እንግዳ ደግሞ አይወርድም። አባቶቻችን ሁለቱን ደንብ ሲያወጡ ሁለት ጀልባ በአንድ ቀለም ይቀባል ብለው አላሰቡም።

ታዴዎስ ከማዶ ሆኖ “የሌባ ልጅ፣ እንግዶቼን አውርድ!” ብሎ ጮኸ። አካሉም ሳቀና “እኔ አልጠራኋቸውም፣ እግራቸው ነው የመረጠኝ፤ እግራቸውን ክሰስ!” አለው። ሰዉም ሳቀ። እንደ መቅደላዊት አነጋገር ልጅህን ያሳበደው ቀለሙ ሳይሆን ሳቁ ነው። ጀልባህን አስነሥቶ የአካሉን ጀልባ ጎን በአፍንጫዋ ወጋት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተደራረቡ፤ አንዲት አሮጊት ግንባራቸው ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ። ታዴዎስ ሞተሩን አጥፍቶ በመግፊያው ዘንግ የአካሉን ጆሮ ግንድ መታው። አካሉ ዘንጉን ይዞ ጎተተውና በቴስታ አፍንጫውን ሰበረው። ተያይዘው በሁለቱ ጀልባዎች መካከል ተንጠለጠሉ። ከዚያ አካሉ ውሃ ውስጥ ወደቀ።

አሁን የምጽፍልህን ቀስ ብለህ አንብበው። አካሉ ዋና እንደሚችል ታውቃለህ፤ አብረው ነው የተማሩት። ዞሮ በጀልባህ ኋላ በኩል ሊወጣ ሞተሩን ይዞ ተንጠላጠለ። አንድ ክንዱ ከላይ ነበር፤ ሌላው ከውሃው በታች፣ ከፕሮፔለሩ አጠገብ። “እጄን፣ እጄን! ቆይ!” አለ። መቅደላዊት ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች። ታዴዎስ ቁልቁል አየው፣ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ፣ ከዚያ የሞተሩን ገመድ ሳበው። አንዴ ሳበው አልተነሣም። ደግሞ ሳበው። ተነሣ።

ውሃው እስከ ሸንበቆው ድረስ ቀላ። በሌሎቹ ጀልባዎች ላይ የነበረው መዝሙር ቆመ። የአካሉ ቀኝ እጅ ከክርኑ በታች በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ሲወጣ አንዲት ሴት ነጠላዋን ቀድዳ በገመድ እንደሚታሰር ጆንያ አጥብቃ አሰረችው። በሕይወት የተረፈው በዚያች ሴት ነው። ልጅህ ግን ጀልባውን ዳር ላይ ጥሎ ሮጠ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ በዚያው ቀን ኮተቤ እኔ ቤት ደረሰ። “አደጋ ነው እትዬ” አለኝ። አፍንጫውን አጥቤ አስተኛሁት።

መቅደላዊት እውነቱን ይዛ አንድ ሳምንት ሙሉ ሱቅ ስትገባ ስትወጣ ቀና ብላ አላየችኝም። የወንድሜ ልጅ ነውና እንዳልከፋባት ፈርታ ነው። ሳትነግረኝ የአካሉ ወንድም ደረሰ።

ኅዳር 28 ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወልደገብርኤልን ከሽንት ጨርቁ ጀምሮ ታውቀዋለህ፤ አሁን በር የሚሞላ ሰው ሆኗል። ከአንድ የአጎታቸው ልጅ ጋር ገባ። ጎንበስ ብሎ “እትዬ አስረሳሽ፣ እንደምን አደሩ? ልጆች ደኅና ናቸው?” አለኝ። ደኅና ናቸው አልኩት። “ታዴዎስ የት ነው?” አለ። አላውቅም አልኩ። “እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ መስታወት እንዳይነካዎ” ብሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መቅዘፊያ አወረደና የፊቱን መስታወት ከላይ እስከ ታች አረገፈው። አስተዳደጉን ሳይረሳ ነው ሱቄን ያፈረሰው። ከዚያ መደርደሪያውን። ከዚያ መቅደላዊት ስልክ ስታነሣ አይቶ በመቅዘፊያው ጠፍጣፋ ጎን አገጯን መታት፤ ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ። እኔ መሃል ስገባ መቅዘፊያው ግራ እጄ ላይ አረፈ። “ውይ፣ እትዬ!” አለ፣ እንደ ደነገጠ ሰው። አልደነገጠም፤ ደግሞ አነሣው።

ያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግሩ ያለው የት ነው? በእግሬ የሞተር ዘይቱን በርሜል ገለበጥኩት። ዘይቱ መስታወቱ ላይ ፈሰሰ። ወልደገብርኤል ቀድሞ ወደቀ፣ የአጎቱ ልጅ በላዩ ላይ። ለመነሣት በተፍጨረጨሩ ቁጥር መስታወቱ መዳፋቸውንና ጉልበታቸውን ይቆራርጠው ነበር። ጩኸቱን የሰሙ የመገናኛ ወያላዎች “እናታችንን!” እያሉ ገቡ። ወልደገብርኤል እየተንሸራተተ በጓሮ በር አመለጠ። የአጎቱን ልጅ ግን ይዘው በጫማና በቀበቶ ጀመሩት። ፊቱ ከሰው ፊትነት እስኪወጣ ድረስ መቱት። እኔ ነኝ ያስጣልኩት። “ይበቃዋል፤ እዚህ ከሞተ ሱቄ ይታሸጋል” አልኳቸው። አንዱ ወያላ “እትዬ አንጀትዎ የብረት ነው” አለኝ። ሰውየውን ታክሲ ውስጥ አስገብቼ ሐኪም ቤት ላክሁት።

የዚያን ዕለት መቅደላዊት በተሰበረ አፏ እየተኮላተፈች ሁሉን ነገረችኝ። ቤቴ ሄጄ ታዴዎስን ጠየቅሁት። “እጁን አይተኸው ነበር?” አልኩት። ምግቡን ማላመጡን ቀጠለ። ደግሜ ጠየቅሁት። “አይቼዋለሁ” አለ። “ለምን?” አልኩት። “እየሳቀብኝ ነበር” አለ። አልተቆጣሁትም፤ ቁጣ በዚያ ሰዓት የሚሠራው ሥራ የለም። ኮተቤ መቆየት እንደማይችል ግን ግልጽ ነበር። በማግሥቱ እንጦጦ ላይ ኤጀታ ዘንድ ወሰድኩት። ኤጀታ ከራጉኤል ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ለእናንተ የምልካቸውን የጀልባ መግፊያ ዘንጎች ቆርጦ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ለምን እንደመጣ ስነግረው ታዴዎስን ከእግር እስከ ራሱ አየውና “ልጣጭ መላጥ ይችላል?” ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ታኅሣሥ 1 ቀን ልጅህ “ራጉኤልን ሳልሳለም አልውልም” ብሎ ከዛፉ መሃል ወጣ። ስንት ጊዜ እንዳትወጣ ብዬው ነበር! ከደጀ ሰላሙ ጥግ ከእናንተው አገር የመጣ አንድ ጠበልተኛ “ታዴ! አንተ እዚህ ነህ እንዴ?” ብሎ አንገቱን አቅፎ ሳመው። የመጣው ለደግ ነው፤ በስልክ ያወራውም ለደግ ነው። ሐሙስ ታኅሣሥ 3 ጠዋት ወልደገብርኤል ብቻውን፣ መዳፉ እንደተጠቀለለ፣ ገጀራ ይዞ እንጦጦ ወጣ።

ይህን የነገረኝ ኤጀታ ነው፤ ኤጀታ ወሬ አይጨምርም። እሱና ታዴዎስ የወደቀ ዛፍ ልጣጭ እየላጡ ነበር። ወልደገብርኤል ከዛፎቹ መሃል ወጥቶ ቆመና “አባባ፣ እንደምን አደሩ፤ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም” አለ። ከዚያ ወደ ታዴዎስ ዞሮ “ነፍስህን አልፈልግም። እጅህን ግንዱ ላይ አኑረው። ቀኙን” አለው። ታዴዎስ መላጫውን ወርውሮበት ሮጠ። ቁልቁለት ነው፣ ቅጠሉ ያንሸራትታል፤ ሩቅ አልሄደም። ገጀራው መጀመሪያ ትከሻው ላይ አረፈ፣ እስከ አጥንቱ ድረስ። ሲወድቅ ወልደገብርኤል ጀርባው ላይ ተቀመጠ፣ ቀኝ ክንዱን በእግሩ ረግጦ ዘረጋው፣ ገጀራውን አነሣ። ልጅህ “እናቴ!” እያለ አፈር ይነክስ ነበር።

ኤጀታ በዚያ ዕድሜው እንዴት እንደደረሰ እኔም አላውቅም። በእጁ በያዘው እርጥብ ዘንግ የወልደገብርኤልን መንጋጋ ከጎን መታው። ልክ ቅርንጫፍ ሲሰበር ይመስል ነበር አለኝ። ወልደገብርኤል ተገለበጠ፣ ገጀራው ወደቀ። አሁን የምነግርህን ማንም አልነገረህም፤ አባት ነህና ልታውቀው ይገባል። ልጅህ በአንድ ክንዱ ተደግፎ ተነሣ፣ በግራው ገጀራውን አነሣና መንጋጋው ተንጠልጥሎ ወደተጋደመው ሰው ሄደ። ኤጀታ መሃል አልገባም፤ ዘንጉን ብቻ አስተካክሎ ያዘና “ምታውና ሁለተኛው የዘንግ ምት ያንተ ነው” አለው። ታዴዎስ ገጀራውን እንደያዘ ቆመ። ኤጀታም ቆመ። ብዙ ቆዩ ይላል። በመጨረሻ ደሙ ስላለቀ ይሁን አእምሮው ስለተመለሰ እግዚአብሔር ይወቀው፣ ቁጭ አለ።

ኤጀታ ደውሎልኝ ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። እንጦጦ ላይ በዚያ ሰዓት ሁለት መኪና ከየት ይገኛል? ሁለቱንም አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ሾፌሩ “እህቴ፣ ደሙን ማን ያጥበዋል?” ይለኛል፤ እኔ አጥበዋለሁ አልኩት። ታዴዎስ በደኅና አፉ “ውሻ! የውሻ ዘር!” እያለ ይሳደባል፣ ወልደገብርኤል መንጋጋው ስለተሰበረ በጉሮሮው ብቻ ይመልስለታል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ታዴዎስ ራሱን ስቶ ወልደገብርኤል ጭን ላይ ወደቀ። ወልደገብርኤል በክርኑ ገፍቶ ጣለው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ደግሞ ወደቀበት፤ ደግሞ ገፋው። ሦስተኛው ላይ ተወው። ሆስፒታል ስንደርስ የልጅህ ደምና የሱ ደም አንድ ሱሪ ላይ ነበር።

ሐኪሞቹ የታዴዎስን ትከሻ ሰፉት፤ ክንዱ ይንቀሳቀሳል። የወልደገብርኤልን መንጋጋ በሽቦ አሰሩት። ፖሊስም መጣ። ታዴዎስ ቃሉን ሰጠ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ገመዱን ሁለት ጊዜ እንደሳበው በገዛ አንደበቱ አስነግሬዋለሁ፤ ይህን ስላደረግሁ ከተቆጣህ ተቆጣ። ወልደገብርኤልም የሱቄንና የገጀራውን ነገር በወረቀት ጽፎ ፈረመ። ሁለቱም ይከሰሳሉ። አሁን ግን ሁለቱም በዋስ ወጥተዋል፤ የታዴዎስ ዋስ እኔ ነኝ።

ከዚያ አካሉን ልጠይቅ ሄድኩ። ከዝዋይ ወደዚያው ሆስፒታል ልከውት ኖሮ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው የተኛው። ያስወጣኛል ብዬ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ “እትዬ፣ የሌለው መዳፌ ያሳክከኛል። ማን ይከክልኝ?” አለኝ። ያመጣሁለትን ብርቱካን ልጬ አኑሬለት ወጣሁ፤ በአንድ እጅ መላጥ እንደማይቻል እዚያው ነው የገባኝ።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት እናታቸው ወይዘሮ የማርያምወርቅ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሌሊቱን ከአገር ተጉዘው ነው የመጡት። ግቡ ስላቸው “በልጄ በተሰበረ መስታወት ላይ አልረግጥም” ብለው እምቢ አሉኝ፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። የተናገሩትን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ።

“አስረሳሽ፣ እኔ ደም አልፈልግም፤ ደም በቤቴ ሞልቷል። ሣህሌ ልጁን አስከትሎ ይምጣ። አባትና ልጅ ሁለቱም ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው አካሉ እግር ላይ ይውደቁ፤ ልጄ ተነሡ እስኪላቸው አይነሡ። ከዚያ ያ ልጅ እስሩንም ታስሮ ሲወጣ የአካሉ እጅ ይሁን። የጀልባ ሞተር በአንድ እጅ ይዘወራል፤ ገመድ ግን በአንድ እጅ አይታሰርም፣ ዘንግም በአንድ እጅ አይገፋም። አካሉ ይዘውር፣ ታዴዎስ ገመዱን ይሰር፣ እንግዳውን ደግፎ ያውጣ ያውርድ። አካሉ በቃኝ እስኪለው። ይህን ካደረገ ወልደገብርኤልን እኔ እይዘዋለሁ። ሣህሌ ጠመንጃ ይዞ ከመጣ ግን ሦስተኛ ልጅ አለኝ። እሱን አልይዘውም።”

ይህን ልነግርህ ነበር እሑድ የደወልኩት እንዳልልህ ወይዘሮ የማርያምወርቅ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ልነግርህ የፈለግኩት ልጅህ በሕይወት መኖሩን ብቻ ነበር። አንተ ግን “ቆረጡት” የሚለውን ሰምተህ ዘጋህ።

ነገሩን ለታዴዎስ ነገርኩት። ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። የአካሉ ገመድ አሳሪ መሆን ሞት ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን “አባዬ ይሸከማል?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። “እሱ ከተሸከመ እኔም እሸከማለሁ። እሱ ጠመንጃ ይዞ ከመጣ እኔ ብቻዬን ድንጋይ ይዤ መሃላችሁ ልቆም ነው?” አለኝ። ስለዚህ ጋሼ፣ ነገሩ አሁን በአካሉም በወልደገብርኤልም እጅ አይደለም። በአንተ ትከሻ ላይ ነው።

ክብሬ እንደምትል አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሣህሌ፣ ወደቡን ያቀና ሣህሌ፣ በልጁ ዕድሜ ላለ ሰው እግር ላይ ወደቀ ይባላል። ይባል። ያን የሚለው አፍ ልጅህ ሲቀበርም ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮህን ይበላል። በጠመንጃህ አንድ ሰው ትገድል ይሆናል። ከዚያ አንተ ትታሰራለህ፣ ጀልባዋ ዳር ላይ ትበሰብሳለች፣ ሦስተኛው ልጃቸው ታዴዎስን ወይም ሕሩይን ይጠብቃል። እኔም ግራ እጄን ብቻ ሳይሆን ቀኜንም አጣለሁ፤ ወንድሜ ነህና።

ይህም ካልበቃህ እወቀው። ጠመንጃ ይዘህ ከተነሣህ ዋስትናዬን አንሥቼ ታዴዎስን በዚያው ቀን ለጣቢያ እመልሰዋለሁ፤ እስር ቤት ማንም ገጀራ ይዞ አይገባበትም። አንተንም ኬላ ላይ አስይዝሃለሁ። ከዝዋይ መገናኛ የሚመላለሰውን ሾፌር ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ፤ የማንን ዕቃ ማን እንደጫነ ሳትደርስ እሰማለሁ። እንደምወድህ ታውቃለህ፤ እንደማደርገውም ታውቃለህ።

እርቁ እሑድ ታኅሣሥ 13 ከቅዳሴ በኋላ ራጉኤል ደጅ ነው። ኤጀታና ሁለት ቄሶች ይሸመግላሉ። አካሉ ሐኪሞቹ ፈቅደውለት በመኪና ይመጣል። ወልደገብርኤልም ይመጣል፤ መንጋጋው ስለታሰረ መናገር አይችልም፣ ሽማግሎቹ ይህን እንደ በረከት ቆጥረውታል። አንተ ቅዳሜ ከሰዓት ድረስ ከደረስክ ከመገናኛ እወስድሃለሁ። ባዶ እጅህን ና። ለትከሻህ ወፍራም ነገር ልበስ።

ለአሳየች፦ እህቴ፣ ስታነቢለት “ሁለት ጊዜ ሳበው” የሚለው ጋ ስትደርሺ አትዝለዪው። ልጅሽ ይበላል፣ ጾሙንም አልፈታም፤ ትከሻው አልመረቀዘም። ለሕሩይ፦ አክስትህን በጣም ናፍቀሃታል፤ እርቁ እስኪያልፍ ወደቡ ጋ አትውረድ፣ ጀልባዋንም ማንም አያስነሣት። ደሴቱ ላይ ላሉት ለአክስታችን ለእማሆይ ስመኝ ጉልበታቸውን ሳሙልኝ፤ እንዲጸልዩ እንጂ እንዲያዝኑ አትንገሯቸው። ጎረቤታችሁ ሳምራን ነጠላዋን ለአካሉ ክንድ የቀደደችው ሴት ማን እንደሆነች እንድታጣራልኝ ንገሩልኝ፤ አዲስ ነጠላ እልክላታለሁ። ከዚህ ወገን ልጄ ሃይሚና ጥርሷን ያጣችው መቅደላዊት ሰላም ይሉሃል። መቅደላዊት “ጋሼ ሣህሌ ይምጡልን” ብላለች።

ታናሽ እህትህ አስረሳሽ
የካ፣ መገናኛ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነገ፦ ጠዋት እንጦጦ ወጥቼ ከኤጀታ ጋር ሁለት ድንጋይ መምረጥ። አንዱ የተሰፋ ትከሻ የሚችለው፣ አንዱ ለሣህሌ።